ስለ ተንጠልጣይ ኮርኒስ አሠራርና አጠባበቅ

ኮርኒስ ማለት ከጣራው በታች ሆኖ የክፍሉን ላይ የሚሸፍን ሁለተኛ ክዳን ነው። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ግን የግድግዳን ጫፍ ጌጥ የሚያመለክት ሲሆን፥ እኛ ለላይኛው ክዳን ሁሉ ስም አድርገነዋል። የባላገር ሣር ቤት ኮርኒስ የለውም፤ ሰው በውስጡ ተቀምጦ ቀና ሲል ወራጁንና ማገሩን፥ በጢስ የጠቆረውንም ሣር ያያል። በቆርቆሮ ቤት ግን አቡጀዲ ወጥረው ከላይ የሚወርደውን ሙቀትና ትቢያ የሚከለክሉ ብዙ ናቸው፤ ይህም ከኮርኒስ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ግን በትልልቅ ሱቆች፥ በባንኮች፥ በሐኪም ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች የሚታየውን፥ አራት ማዕዘን በሆኑ ነጫጭ ገበታዎች የተከፋፈለውን ኮርኒስ ነው። አስተማሪ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ሲሄድ፥ ሽማግሌም ለጉዳዩ ወደ ባንክ ሲገባ ከራሱ በላይ ያየዋል፤ በምን እንደ ተያዘ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ኮርኒስ በግድግዳ ላይ የተጫነ አይደለም፤ ከላይኛው ሶሌታ በሽቦ ተንጠልጥሎ የወረደ ነው እንጂ። መጀመሪያ ሠራተኛው በውሃ ልክ እየለካ ኮርኒሱ የሚሆንበትን ከፍታ በአራቱም ግድግዳ ላይ ያሰምራል፤ በመስመሩም ላይ ከስስ ብረት የተሠራ አንጎላሬ ይመታል። ከዚህ በኋላ ከሶሌታው ሽቦ ያወርዳል። ሽቦው ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር አይሞላም፤ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በነዚህም ሽቦዎች ዋናዎቹ ዘንጎች ይታሰራሉ። ዘንጉ ከስስ ብረት የታጠፈ ሲሆን መልኩ የላቲኑን ቲ ፊደል ገልብጦ እንደ ማየት ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ጐኑ እንዳይጐብጥ ኃይል ይሰጠዋል፥ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ግርጌው ደግሞ ገበታውን ይሸከማል። በዋናዎቹ ዘንጎች መካከል አጫጭር ዘንጎች አግድም ይሰካሉና ሁሉ ተያይዞ እንደ ዓሣ መረብ ይሆናል። የመረቡ ዓይን ብዙ ጊዜ 60 በ60 ወይም 60 በ120 ሳንቲሜትር ነው። በመጨረሻ ገበታው በዓይኑ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ወደ ላይ ይገባና ተመልሶ በዘንጎቹ ግርጌ ላይ ይተኛል። ምስማርም ሙጫም የለውም፤ የሚይዘው የራሱ ክብደት ብቻ ነው።

ገበታው ከልዩ ልዩ ነገር ይሠራል። አንዳንዱ ከጂፕሰም ነው። ብዙው ግን ድንጋይን ወይም ከብረት ማቅለጫ የሚቀረውን ዝቃጭ በእሳት አቅልጠው እንደ ጥጥ ከፈተሉት በኋላ፥ ከእህል በሚገኝ ስታርች አጣብቀው የሚጋግሩት ነው። በፊቱ ላይ የሚታዩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ለጌጥ ብቻ የተበሱ አይደሉም፤ ድምፅ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደክምባቸዋል። ግድግዳውም ጣራውም ሲሚንቶ ብቻ በሆነ ክፍል ያስተማረ ሰው ቃሉ ተመልሶ ጆሮውን እንዴት እንደሚመታው ያውቃልና የዚህ ጥቅም ሳይነገረው ይገባዋል።

የኮርኒሱ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። በትልቅ ሕንጻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ፥ የውሃ ቧንቧና የአየር ማመላለሻ ቱቦ ከሶሌታው ሥር ይተላለፋሉ፤ ኮርኒሱ እንደ ዓይነ ርግብ ሆኖ ይጋርዳቸዋል። በቀድሞው ጊዜ የተጋረደው ነገር ሲበላሽ መከራ ነበር። በ1919 ኤሪክ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የባለቤትነት ፈቃድ የጠየቀበት ኮርኒስ ገበታዎቹ እርስ በርሳቸው የተቈላለፉ ስለ ነበሩ፥ መካከል ላይ ያለችውን አንዲት ቧንቧ ለመጠገን ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ መንቀል ያስፈልግ ነበር። በኦሃዮ አገር ይኖር የነበረው ዶናልድ ብራውን በ1958 ፈቃድ ጠይቆ በ1961 የተፈቀደለት ሥራ ግን ከየትኛውም ስፍራ አንዱን ገበታ ብቻ አንሥቶ ወደ ላይ ለመድረስ የሚያስችል ነበር። ዛሬ በየከተማው የምናየው ኮርኒስ ከዚህ አሳብ የተገኘ ነው። ስለዚህ ገበታው ያልተመታው ሠራተኛው ቸል ብሎ አይደለም፤ እንዲነሣ ተብሎ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበው ነገር እንመለስ። ሽቦ የሚችለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ታች የሚጐትተውን ክብደት መያዝ። ወደ ጐን ቢገፉት ይወዛወዛል፤ ከታች ወደ ላይ ቢገፉትም ይጐብጣል። ምድር ጸጥ ባለች ጊዜ ይህ ጉድለት አይታይም። ምድር በተናወጠች ጊዜ ግን ሕንጻው ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ኮርኒሱ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጠርዙም ከግድግዳው ጋር ይላተማል። በዚያን ጊዜ አጫጭሮቹ ዘንጎች ከስኪያቸው ይወጣሉ፥ ገበታዎቹም ይረግፋሉ። አንዱ ዘንግ ሲለቅ ጭነቱ ወደ ጐረቤቱ ስለሚተላለፍ፥ ከዳር የጀመረው ጥፋት እስከ መካከል ሊደርስ ይችላል።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። በጃፓን አገር፥ በቶኪዮ ከተማ፥ በ1934 የተሠራ ኩዳን ካይካን የሚባል ሕንጻ ነበረ። መጋቢት 11 ቀን 2011 ታላቁ የምድር መናወጥ በሆነ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ የአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምረቃ ይከበር ነበር። ከላይ የተንጠለጠለው ኮርኒስ በተሰበሰቡት ላይ ወደቀ፤ 2 ሰዎች ሞቱ፥ ከ20 የሚበልጡም ቈሰሉ። ግድግዳውና ምሰሶው ግን አልወደቁም። የኮርኒሱ ዓይነት ከመረቡ ኮርኒስ የተለየ ቢሆንም መንጠልጠሉ አንድ ነው። በዚያው ቀን በካዋሳኪ ከተማ የትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ኮርኒስ እንዲሁ ረገፈ፤ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፥ አዳራሹ ግን እስከ 2013 ድረስ ተዘግቶ ቈየ። ሕንጻ ሠሪዎች ምሰሶውን በብዙ ድካም ሲያሰሉ ኮርኒሱን ከጌጥ መቍጠራቸው እንዴት ያለ ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የጃፓን መንግሥት ከ2014 ጀምሮ የሚጸና አዲስ ደንብ አወጣ። ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፥ ስፋቱ ከ200 ካሬ ሜትር የሚበልጥ፥ ክብደቱም በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 ኪሎ በላይ የሆነ ኮርኒስ ሁሉ ሰዎች ዘወትር በሚገኙበት ስፍራ ሲሆን ልዩ ጥንቃቄ ተደርጎለት እንዲሠራ ታዘዘ። የትምህርት ሚኒስቴሩም የትምህርት ቤቶች የስፖርት አዳራሾች እንዲመረመሩ አሳሰበ፤ በአደጋ ጊዜ ሕዝቡ የሚጠለለው በነዚሁ አዳራሾች ነውና። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮርኒሱን ፈጽመው አነሡት፤ በእኛ አስተያየት ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው፥ ለከፍተኛ አዳራሽ ኮርኒስ የግድ አያስፈልገውምና።

በአሜሪካ ደግሞ የምድር መናወጥ በሚበረታባቸው አውራጃዎች ለመረቡ ኮርኒስ የተለመደ ሥርዓት አለ። መረቡ ከሁለት ጐረቤታሞች ግድግዳዎች ጋር ይጠብቃል፤ በተቃራኒዎቹ ሁለት ግድግዳዎች በኩል ግን 19 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተውለትና 5 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው አንጎላሬ ላይ እንዲንሸራተት ይደረጋል። ሰው ይህን ሲሰማ አራቱንም ማጥበቅ አይሻልም ወይ ይላል። አይሻልም፤ ፊት ለፊት ያሉት ግድግዳዎች እኩል አይንቀሳቀሱምና፥ በሁለቱ መካከል የታሰረው ስስ ብረት ወይ ይጨመቃል ወይ ይበጠሳል። ስፋቱ ከ93 ካሬ ሜትር ሲበልጥ ደግሞ በየስፍራው አራት ሽቦዎች በአራት አቅጣጫ ሰያፍ ሆነው ከሶሌታው ጋር ይታሰራሉ፥ በመካከላቸውም መረቡ ወደ ላይ እንዳይዘል የሚከለክል አጭር ዘንግ ይቆማል። መብራቶቹም ከመረቡ በቀር የራሳቸው ሽቦ ይኖራቸዋል፤ ከገበታ ይልቅ የሚከብድና የሚጐዳ መብራት ነውና።

አገራችን በስምጥ ሸለቆ ላይ ስላለች ይህ ነገር ለሩቅ ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

መሐንዲስ ያልሆነ ሰውም ሊያስተውለው የሚችል ነገር አለ። የአዳራሽ ሥራ እንዲቈጣጠሩ የተመረጡ ሽማግሌዎች ገበታዎቹ ሁሉ ሳይዘጉ መሰላል አስቀርበው ከመረቡ በላይ ይመልከቱ። ሽቦው በሶሌታው መታሰር ይገባዋል እንጂ በውሃ ቧንቧ ወይም በአየር ቱቦ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ጫፉም በራሱ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በጠባቡ መጠምዘዝ አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ሽቦ በመንቀጥቀጥ ይፈታል። ሰያፍ ሽቦ አለ ወይ፥ መብራቱስ በምን ተይዟል ብለው ይጠይቁ። ሥራ ተቋራጩ ቢቈጣ ችግር የለውም፤ ገበታው ሳይዘጋ ማረም ቀላል ነው።

ሕንጻው ካለቀ በኋላ ደግሞ በገበታው ላይ ቡናማ ክብ ሲታይ ከላይ ውሃ እንደሚያፈስ ምልክት ነው። ስታርቹ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፥ ገበታውም ይከብድና ወደ ታች ሆድ ያወጣል። አንዳንድ ጠባቂዎች በዚህ ላይ ነጭ ቀለም ይቀቡበታል፤ ይህ የበሽተኛን ፊት ዱቄት እንደ መቀባት ነው። በሥሩ የሚቀመጡትን ሰዎች አስነሥቶ፥ ገበታውን አውርዶ፥ ከላይ ያለውን ቧንቧ ወይም ጣራ አስጠግኖ ከዚያ በኋላ በሌላ ደረቅ ገበታ መተካት ነው።