የኪስ ሙዚቃ መሣሪያ ረዳት ዕቃዎች በጣና ዳር ሲፈተኑ

ከሥራ ሳምንት በኋላ በባሕር ዳር ከተማ የጣናን ዳርቻ ይዘው እየተንሸራሸሩ ሙዚቃ ለመስማት ቢሹ፥ ሙዚቃውን የያዘው መሣሪያ በኪስዎ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ይህ መሣሪያ ለአብዛኛው ሰው የእጅ ስልኩ ነው፤ ደስታውን የሚያሟሉትም ሆነ የሚያበላሹት ግን አብረውት የሚገዙት ረዳት ዕቃዎች፥ ይኸውም የጆሮ ማዳመጫው፥ ድምፅ ማጉያውና ፓወር ባንኩ ናቸው። እኔም እነዚህን በየተራ ይዤ ከከተማው እስከ ዘጌ በጀልባ በመጓዝ ስለ ሞከርኋቸው፥ ያየሁትን ላስረዳዎ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ አመጣጥ ጥቂት እንበል። ትራንዚስተር ራዲዮ በ1947 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ሙዚቃ ከሳሎን ወጥቶ ከሰው ጋር መጓዝ ጀመረ። በነሐሴ 1955 ዓ.ም. ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ካሴትን በበርሊን ትርኢት አሳየ። ሰኔ 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓኑ ሶኒ ዎክማንን ለሽያጭ አቀረበ፤ የማዳመጫውም ክብደት 50 ግራም ያህል ብቻ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ያ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያዎች የነበሩት መሆኑ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የነበሩት አኪዮ ሞሪታ፥ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ጓደኛውን ዝም ቢለው ነውር ይሆናል ብለው ስለ ሰጉ፥ ሁለት ሰዎች አብረው እንዲሰሙ፥ ቁልፍም ተጭነው ሙዚቃውን ዝቅ በማድረግ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ብቻውን የሚበላ በሚነቀፍበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ስጋት እንግዳ አይደለም።

ወደ ሙከራው እንመለስ። ማዳመጫ ሲገዙ ሻጩ ጩኸት የበዛበት ዘፈን ከፍቶ ቢያሰማዎ አይታለሉ፤ በጩኸት መካከል ጉድለት አይታወቅም። እኔ የምመክርዎ በበገና እንዲፈትኑት ነው። የበገና አውታር ወፍራም ድምፅ፥ እንዝራ የሚባሉት ትናንሽ ቆዳዎች ከሚሰጡት ንዝረት ጋር፥ በደካማ ማዳመጫ ውስጥ የዝንብ ጥዝታ መስሎ ይቀራል፤ በደኅናው ውስጥ ግን እያንዳንዱ አውታር ተለይቶ ይሰማል። ቀጥሎ ዋሽንት ያድምጡበት፤ የነፊው እስትንፋስ ከተሰማዎ ቀጭኑም ድምፅ ደኅና ነው። ከዚያም ገመዱን በመሰኪያው አጠገብ ቀስ አድርገው ያወዛውዙት፤ በአንዱ ጆሮ ድምፁ ከተቆራረጠ ዕቃውን እዚያው ይመልሱ። እኔ ይህን ሳላደርግ የገዛሁት አንዱ ማዳመጫ፥ ጀልባችን ዘጌ ሳይደርስ ግራ ጆሮው ዝም አለ።

በብሉቱዝ የሚሠራው ገመድ አልባ ማዳመጫ በቤት ውስጥ እንከን ያልነበረው ሲሆን፥ በሐይቁ ላይ ግን ይቆራረጥ ጀመር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የብሉቱዝ ሞገድ በውሃ ይዋጣል፥ የሰውም አካል አብዛኛው ውሃ ነው። በቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ እየነጠረ አካላችንን ዞሮ ወደ ጆሮ ይደርሳል፤ በሐይቅ ላይ ግን የሚያነጥረው ግድግዳ የለም። ስልኩን ከኋላ ኪሴ ወደ ደረት ኪሴ ባዛውረው ችግሩ ተወገደ። ባለ ገመዱ ማዳመጫ ሌላም ጥቅም አለው፤ የኤፍ ኤም ራዲዮ ባላቸው ስልኮች ላይ ሽቦው ራሱ አንቴና ሆኖ ያገለግላል።

በታንኳ ወይም በጀልባ ለሚጓዝ ሰው የውሃ ነገር ያሰጋል። በዕቃው ማሸጊያ ላይ አይ ፒ ኤክስ 4 የሚል ቢያዩ የውሃ ፍንጣቂ የሚችል ማለት ነው፤ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚለው ግን 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ እንዳይበላሽ ሆኖ የተሠራ ነው። ፓወር ባንኩን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ በጀልባው ወለል ላይ ለፀሐይ አያስጡት፥ ሙቀት ባትሪውን ይጎዳዋልና።

ድምፅ ማጉያውን በሐይቁ ላይ ከፍቼ ወዲያው ዘጋሁት። የረጋ ውሃ ድምፅን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል፥ የሚጋርደውም ዛፍ ወይም ቤት ስለሌለ ርቆ ይሄዳል። በክብራን ገብርኤልና በእንጦስ ኢየሱስ ደሴቶች አጠገብ ሲያልፉ የእርስዎ ዘፈን በጸሎት ላይ ያሉትን መነኮሳት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ለሐይቁ የሚሻለው ማዳመጫው ነው።

ማዳመጫውም ቢሆን ልክ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው፥ ድምፁ 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በጩኸት የተጎዱት የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ከሞቱ በኋላ አይተኩም። የጀልባውን ሞተር ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ለማድረግ እጅ ይቸኩላል፤ ጆሮን አጥብቆ የሚደፍነውን ዓይነት ቢመርጡ ግን በዝቅተኛ ድምፅ ይበቃዎታል።

ይሁን እንጂ ጆሮ የሚደፍነው ዓይነት የባለ ጀልባውን ማስጠንቀቂያም አያሰማም። ስለዚህ በጀልባ ላይ አንዱን ጆሮ ክፍት ይተዉት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በእግር ሲሄዱ ደግሞ፥ ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ ዳር ስለሚወጣ፥ ሁለቱንም አውልቀው በኪስዎ ይክተቱ።