አልዛይመር ትዝታን ይደመስሳል ወይስ መንገዱን ይዘጋል?

በአልዛይመር የተያዙ ሰዎች ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የጠየቁትን ጥያቄ ረስተው ደግመው ይጠይቃሉ፤ የልጅነት ዘመናቸውን ግን በዝርዝር ሊተርኩ ይችላሉ። ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ይህ ልዩነት በሽታው ከየት እንደሚጀምር ይጠቁማል።

በሽታው ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። አዲስ ገጠመኝ ወደ ዘላቂ ትውስታ እንዲለወጥ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው። የቆዩ ትዝታዎች በእርሱ ላይ ያላቸው ጥገኝነት አነስተኛ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ።

ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተረሳው ነገር ከመጀመሪያውም በአንጎል ውስጥ አልተመዘገበም? ወይስ ተመዝግቦ ሳለ ታማሚው ሊደርስበት አልቻለም?

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2016፣ በ1987 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሱሱሙ ቶኔጋዋ የሚመሩት የአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቡድን በዚህ ጥያቄ ላይ ያካሄደውን ጥናት ‘ኔቸር’ በተሰኘው መጽሔት አሳተመ።

በብርሃን የተቀሰቀሰ ትውስታ

ተመራማሪዎቹ ጤነኛ አይጦችንና የአልዛይመር ምልክት እንዲያሳዩ በዘረ መል የተለወጡ አይጦችን በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብተው እግራቸውን በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ሣጥኑ ሲመለሱ ሁሉም ፈሩ። ከቀናት በኋላ ግን የታመሙት አይጦች የደረሰባቸውን የረሱ መሰሉ።

በሂፖካምፐስ ውስጥ ያን ገጠመኝ የመዘገቡት ሴሎች ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጡ አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር። ሴሎቹ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ፣ የታመሙት አይጦች ፈጽሞ በማያውቁት ስፍራ እንኳ ሳይቀር በፍርሃት ደርቀው ቆሙ። ትውስታው አልጠፋም ነበር።

ችግሩ ከሴሎቹ ግንኙነት ላይ ተገኘ። ከሌሎች ነርቮች መልእክት የሚቀበሉባቸው ጥቃቅን ጉጦች ቁጥራቸው ቀንሶ ነበር። ወደ ሂፖካምፐስ መልእክት የሚያደርሱት ነርቮች በብርሃን ተደጋግመው ሲቀሰቀሱ ጉጦቹ ጨመሩ፤ አይጦቹም ያለ ብርሃን እርዳታ ማስታወስ ቻሉ።

ለሰው ምን ማለት ነው?

ውጤቱ የሚመለከተው የበሽታውን የመጀመሪያ ደረጃ ነው። በሽታው ሲገፋ ሴሎቹ ራሳቸው ይሞታሉ፤ የሞተ ሴል የያዘውን ትውስታ ደግሞ ብርሃን አይመልሰውም። አንጎል ውስጥ ዘረ መል ማስገባትና የብርሃን ገመድ መትከል የሚጠይቀው ይህ ዘዴ ለታማሚዎች የሚሰጥ ሕክምና አይደለም። በአሜሪካ በ2023 እና በ2024 የጸደቁት ሌካኔማብ እና ዶናኔማብም የበሽታውን ግስጋሴ ያዘገያሉ እንጂ የጠፋ ትውስታን አይመልሱም።

ስለዚህ ጊዜ ወሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 የመርሳት በሽታ ያለባቸው 57 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው። አልዛይመር ዋነኛው መንስኤ ነው።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ጃጅተዋል» ተብሎ የሚታለፈው ምልክት የእርጅና የተፈጥሮ ዕጣ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ድባቴ ወይም የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳትም ተመሳሳይ መርሳት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው።