ከሶላሩ በፊት ቀዳዳው

ደብረ ብርሃን አንድ ዓመት እንኳ የኖረ ሰው የኅዳርን ሌሊት አይረሳም። በብዙ አገር ብርድ ሲባል ትዝ የሚለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ፣ ጉሙ፣ ጭቃው። እኛ ዘንድ ግን አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። አንዱ ምክንያት ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መቀመጧ ነው። ሌላው ሰማዩ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱም ጣሪያውም ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ወደ ላይ ይለቁታል፤ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የሚያስቀርላቸው ደመና የለም።

በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ የአያቴን አሮጌ ቤት በትንሽ ገንዘብ ከብርድና ከጨለማ ለማዳን ስንሞክር የተማርኩትን ነው። እርግጥ እኔ የምማረው ጋዜጠኝነት እንጂ ኤሌክትሪክ ወይም ግንባታ አይደለም። ሆኖም በሥራው መሀል የፈጸምነው ስህተት ሰው ሊያሳጣን ስለነበር፣ ሌላ ቤት እንዳይደገም መጻፍ አለብኝ ብዬ አሰብኩ።

ስሌቱ ሲሠራ

ቤቱ የተለመደ የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት፣ የጭቃ ምርጊት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ሲሆን ግማሹ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ሻማ ነው። እኔም እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ያሰብኩት ሶላር ነበር። “ሶላር እንግዛና ማሞቂያ እንሰካበት፣ ሁለቱም ችግር በአንዴ ያልቃል” አልኩ።

አጎቴ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለሚችል ሳቀና “እስቲ ወረቀት አምጣ” አለኝ። 1,500 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ ማታ ለ3 ሰዓት ቢሠራ 4,500 ዋት ሰዓት ይበላል። እኛ አቅማችን የሚፈቅደው ባለ 50 ዋት ፓኔል ደግሞ በቀን 4 ሰዓት ተኩል ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰጠን 225 ዋት ሰዓት ነው። 4,500 ለ225 ሲካፈል 20 ይመጣል። ሃያ ፓኔል! ያውም ባትሪውንና በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር። አጎቴ ቀጠለና “ደግሞ ሃያውን ብትገዛስ? ሙቀቱ በዚህ ሁሉ ሽንቁር ሲወጣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እየቀዳህ እኮ ነው” አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሙቀት ማመንጨት በጣም ውድ ነው፤ ያለውን ሙቀት እንዳይወጣ ማድረግ ግን ርካሽ ነው። ጋቢን እንውሰድ። ጋቢ ራሱ ሙቀት አያመነጭም። አራት ድርብ የሆነውም በከንቱ አይደለም፤ በድርቦቹና በክሮቹ መሀል የታፈነው አየር ስለማይንቀሳቀስ የሰውነታችን ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። ቤትም እንደዚሁ ነው። ጭቃው ወፍራም ስለሆነ ቀን የሞቀውን ለማታ ያቆያል። ቆርቆሮው ግን ቀጭን ብረት ነውና ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቤቱ ጋቢ የሚያስፈልገው ከላይ፣ ኮርኒሱ ላይ ነው።

ቀዳዳውን መድፈን

መጀመሪያ ንፋሱ በየት እንደሚገባ መፈለግ ነበረብን። ለዚህ መሣሪያ መግዛት አላስፈለገም። ንፋስ ባለበት ቀን የቡና ዕጣን አጭሰን ጢሱን በበሩ መቃን፣ በመስኮቱ ዙሪያና ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ቦታ አስጠጋነው። ጢሱ ወደ ጎን የተገፋበትን ሁሉ በከሰል ምልክት አደረግን። አሥራ ሰባት ቦታ ሆነ።

ከዚያ አፈር ቆፍረን ከጤፍ ጭድ ጋር አቦካን፤ ጭዱ እስኪለሰልስ ለአራት ቀን እየረገጥን ቆየን። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ መልሶ ይሰነጠቃል። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ አሮጌው ግድግዳ በውሃ ካልራሰ በቀር አዲሱ ጭቃ አይዝም፤ ይረግፋል። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን ከታች በሚስማር መትተን ዘጋነው። መስኮቱ ላይ ከውስጥ በኩል ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ ወጠርን፤ በእንጨቱና በላስቲኩ መሀል የቀረው አየር እንደ ጋቢው ድርብ ያገለግላል። ኮርኒሱን ጠግነን ከላዩ ያረጁ ብርድ ልብሶችና ተጨማሪ ጆንያ ደረብንበት። ጭድ ልንሞላበት አስበን ነበር፤ አይጡንና እሳቱን ፈርተን ተውነው።

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ ለላስቲክና ለሚስማር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ልዩነቱ ይታወቅ ነበር። አያቴም “ቤቱ ዛሬ ቤት ሆነ” ብለው መረቁን። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ያ ሌሊት

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ አያቴ እንደ ልማዳቸው የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍላቸው ይዘው ገቡ። ፍሙ አመድ ለብሷል፣ ጢስ የለውም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሞቁ ኖረዋል። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ፤ ነገሩ ጭራሽ አልታሰበኝም።

ሌሊት ራሴን እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ነቃሁ። ያቅለሸልሸኛል። ከጓዳ የአያቴ ማቃሰት ተሰማኝና ሄድኩ። “ምች ነው የመታኝ፣ ዳማከሴ አምጣልኝ” አሉኝ፤ ለመነሳት ሲሞክሩ ግን እግራቸው አልታዘዝ አለ። ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ በሩን በርግጄ ከፍቼ አቅፌ ወደ ደጅ አወጣኋቸው። ውርጩ ላይ ጋቢ ደርቤላቸው ተቀመጥን፤ ጎረቤት ደርሶ ወደ ሕክምና ወሰድናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ጥያቄ “ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?” የሚል ነበር። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገርየው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል ሲነድ ይወጣል፤ ጢስ የሌለው ፍምም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ የሚይዝበትም ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና መድከም በመሆኑ ከምችም ከጉንፋንም ጋር ይምታታል። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል።

አያቴ ከዳኑ በኋላ “ሠላሳ ዓመት የሞቅሁት ከሰል ዛሬ ነው ጠላት የሆነብኝ?” ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ለመናገር አፈርኩ። ከሰሉ አልተለወጠም፤ ቤቱን የለወጥነው እኛ ነን። በሽንቁሩ እየገባ ሲያንቀጠቅጣቸው የኖረው ንፋስ ጋዙንም ይዞ ይወጣ ነበር። እኛ አሥራ ሰባቱንም ቀዳዳ ደፍነን ምድጃውን ግን ዝም አልነው። ቤት ማሞቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህቺን ይያዝልኝ፤ ቀዳዳ ከመድፈን በፊት እሳቱ የት እንደሚያድር መወሰን አለበት።

እኛም ወሰንን። ምድጃው ከማድ ቤት አይወጣም። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ አንዱን ከታች አንዱን ከላይ፣ ወንፊት ሽቦ የተሠራላቸው ሁለት ትናንሽ መተንፈሻዎች ከፈትን። ይህ ግን ለሰው ትንፋሽና ለእርጥበቱ ነው እንጂ ከሰል ለማስገባት ፈቃድ አይደለም። በምድጃው ፋንታ ማታ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ጀሪካን ሞልተን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እግራቸው ሥር እናደርጋለን።

ፀሐዩስ?

ብርዱን የሚያመጣብን ያው ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ላይ ፀሐይ ይሰጠናል። ይህን ለመጠቀም ርካሹ መንገድ ጥቁር የተቀባ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ንፋስ በማይነካው ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የውሃው ሙቀት በ20 ዲግሪ ቢጨምር 465 ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት አጠራቀመ ማለት ነው። ይህም ፓኔላችን በቀን ከሚሰጠው እጥፍ ይበልጣል! ማታ ለአያቴ እግር የሚሆነው ውሃ ከዚያ ይቀዳና ማድ ቤት ውስጥ ትንሽ ይጨመርበታል።

ፓኔሉን የገዛነው በመጨረሻ ነው፤ ለማሞቂያ ሳይሆን ለመብራት። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 75፣ ሁለት ስልክ 30፣ ሬዲዮ 20፣ በድምሩ 125 ዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ስለማንጠቀምበት ፀሐይ ባይወጣም ለሁለት ማታ ገደማ ይበቃናል። ከወጪው ሁሉ ትልቁ ይኸው ባትሪ ነበር። በፓኔሉና በባትሪው መሀል ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ደግሞ ፊውዝ የግድ ነው። ፓኔሉ በእኛ አካባቢ በመጠኑ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምታልፍ። ባትሪውም ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ክፍል አይቀመጥም። አየህ፣ እዚህም ነገሩ ያው የአየር ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ተራው ይህ ነው፤ እሳቱን ከመኝታ ማውጣት፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ ኮርኒሱን መደረብ፣ የፀሐይ ውሃ፣ በመጨረሻ ሶላር። እኛ መጀመሪያውን ዘለልነውና የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሆነብን። አሁን ኅዳር በመጣ ቁጥር አያቴ ማታ ማታ “ጀሪካኔን አምጣ” ይሉኛል። እኔም ጀሪካኑን አስቀምጬ ከመተኛቴ በፊት ምድጃው ማድ ቤት መሆኑን ሄጄ አያለሁ።