ስለ ሕፃናት የሐሞት ጠጠርና ስለ ሕክምናው

የልጅ ዓይን ቢጫ በሆነ ጊዜ ሰው ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። ነገር ግን ቢጫነት የሕመም ምልክት ነው እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የሐሞትን መውረጃ ቧንቧ የሚዘጋ ጠጠር ነው።

ሐሞት በጉበት ተሠርቶ በከረጢቱ ከተጠራቀመ በኋላ ቅባት ያለበትን ምግብ ለማላም ወደ አንጀት ይወርዳል። መንገዱ የታገደ ወይም ጠባዩ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ረግቶ ይጠጥራል። ይህም በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ደማቸው ያለ ጊዜው የሚፈርስ በሽታ ሲኖርባቸው፥ ቧንቧው ከትውልድ ሰፍቶ ሲገኝ፥ ወይም ምግብ ለብዙ ቀን በደም ሥር ብቻ ሲሰጣቸው ነው። ወስፋት በበዛበት አገር ደግሞ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ በዚያም ሞቶ ሲቀር ለጠጠር መነሻ ይሆናል።

ሕክምናው እንደ ሕመሙ ይለያያል። ሐኪም አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ይመረምራል። በከረጢቱ ብቻ ያለና የማያሳምም ጠጠር ብዙ ጊዜ በክትትል ይቆያል፤ በጨቅላም ቧንቧ የተገኘ ትንሽ ጠጠር አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ቧንቧው ተዘግቶ ትኩሳት ከተነሣ ግን ጀርም የሚገድል መድኃኒት እየተሰጠ መንገዱ ፈጥኖ መከፈት አለበት። የስዊሱ ሐኪም ሉድቪግ ኩርቯዚዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 ቧንቧውን ከፍቶ ጠጠር አወጣ። በ1974 ደግሞ የጀርመንና የጃፓን ሐኪሞች በአፍ በሚገባ ተጣጣፊ ቱቦ የቧንቧውን አፍ ሰንጥቆ ጠጠሩን መሳብ እንደሚቻል አስታወቁ። ዛሬ ይህ ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ለልጆችም ይደረጋል፤ ኋላም ጠጠሩ እንዳይመለስ ከረጢቱ በኦፕራሲዮን ይወጣል። ከትውልድ የሰፋ ቧንቧ ግን ተቈርጦ የጉበቱ መውረጃ ከአንጀት ጋር ይቀጠላል።

ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ባለችበት በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ጥቁር አንበሳና ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ሆኖም ልጁ በቅጠልና በሥር ሲሞከርበት ሰንብቶ ጉበቱ ከተጐዳ በኋላ ቢደርስ የሐኪሙ ድካም በብዙ ይጠነክራል።

ስለዚህ ካህናት ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ለምእመናን ይንገሩ፤ ዓይኑ የቢጫ፥ ሽንቱ የጠቈረ፥ ዓይነ ምድሩ የነጣ ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም እንዲሄድም ይምከሩ። ሹማምንትም ንጹሕ ውሃን፥ መጸዳጃንና የወስፋት መድኃኒትን ለሕዝብ ያዳርሱ፤ ለሆስፒታሎችም መሣሪያውንና ባለሙያውን ያሟሉ። ሕፃን ሕመሙን በቃል ማስረዳት አይችልምና፥ ስለ እርሱ መናገርና መሥራት የታላላቆች ግዴታ ነው።