ለማን ይሠራል? በቁጥር የተወሰነ ሱፐርካርና የጽናት ውድድር



ለዛሬ የያዝኩት ጥያቄ ሲሰሙት የሀብታሞች ጨዋታ ይመስላል። አንድ የመኪና አምራች በ24 ሰዓት የጽናት ውድድር ለመሰለፍ ሲል በጥቂት ቁጥር ብቻ የሚመረት ሱፐርካር መሥራት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጥያቄውን የመረጥኩት ስለ መኪኖቹ ውበት ላወራ አይደለም። ለየብቻ የምናስተምራቸው የንድፍ ሥራ፣ የወጪ ስሌት፣ የደንብ አተረጓጎምና የሰው ሕይወት ደኅንነት በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ተጨናንቀው የሚገኙበት ጉዳይ ብዙ ስለሌለ ነው።

ታላቁ የጽናት ውድድር የሚካሄድባት የፈረንሳይ ከተማ ስሟ ለ ማን ይባላል። በአማርኛ ሲጻፍ ከጥያቄ ጋር ይምታታል፤ እኔን ግን ተመችቶኛል። የዛሬው ንግግሬ ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው የሚጠይቀው፦ መኪናው የሚሠራው ለማን ነው? ለገዢው ነው፣ ለተወዳዳሪው ነው ወይስ ቁጥር ለሚቆጥረው ተቆጣጣሪ? (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።)

ውድድሩ የተጀመረው በ1923 ነው። መስመሩ 13.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፊሉ በሌላ ጊዜ ሕዝብ የሚጓዝበት መንገድ ነው። አሸናፊው በ24 ሰዓት ውስጥ ረጅሙን ርቀት የሸፈነ ሲሆን፣ አየሩ ሲመች ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አምስት ጊዜ ደርሶ እንደመመለስ ነው፤ ያውም በአንድ ቀንና ሌሊት።

አዘጋጆቹ ከጥንት ጀምሮ አንድ ስጋት ነበረባቸው። ገንዘብ ያለው ኩባንያ ለውድድር ብቻ የሚሆን አንድ ጭራቅ ሠርቶ ቢያመጣ፣ ከገበያ መኪና ጋር የመጡት ሁሉ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። መፍትሔው ሆሞሎጌሽን የሚባለው ሥርዓት ሆነ። በአጭሩ «ይህን መኪና ልታወዳድር ብትሻ፣ ይህን ያህል ቁጥር አምርተህ አሳየን» ማለት ነው። ሐሳቡ ጤናማ ነው። ሆኖም መለኪያ የሆነ ቁጥር ብዙ ጊዜ ራሱ ግብ ይሆናል፤ የምርምር ጽሑፍ ብዛት እየተቆጠረ የምንመዘን መምህራን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

የዚህ ሁሉ ታላቁ ምሳሌ ፖርሽ 917 ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው ደንብ ለውድድር ብቻ የሚሠሩትን መኪኖች በ3 ሊትር ሞተር ሲገድብ፣ በቁጥር ተመርተው ለቀረቡ የስፖርት መኪኖች ግን እስከ 5 ሊትር ፈቀደ። ይመረት የተባለው ቁጥር መጀመሪያ 50 ነበር፤ ወደ 25 ዝቅ ተደረገ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ያህል ውድ መኪና 25 ጊዜ የሚሠራ ድፍረተኛ ይመጣል ብለው የጠበቁ አይመስልም። የፖርሽ የልማት ሥራ ኃላፊ የነበረው ፈርዲናንድ ፒየሽ ግን ባለ 12 ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር መኪና አዘዘ። ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ ያለቁት ጥቂት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ገና በመገጣጠም ላይ ያሉና ክፍላቸው የተደረደረ ነበሩ። «ያላለቀ አንቆጥርም» ብለው ተመለሱ። ኩባንያው ሠራተኛውን አሰልፎ በሚያዝያ 1969 ሃያ አምስቱን መኪኖች በፋብሪካው ግቢ በአንድ መስመር ደርድሮ አሳየ። ከፈለጋችሁ አንዱን መርጣችሁ ንዱት ሲባሉ ተቆጣጣሪዎቹ እምቢ አሉ ይባላል።

መኪናው ተቆጠረ፤ ግን አልቆ ነበርን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በከፍተኛ ፍጥነት 917 ከመንገዱ ላይ ይዋልል ስለነበር የፋብሪካው ነጂዎች ራሳቸው ይፈሩት ነበር። ሆኖም ሽያጩ የሥርዓቱ አካል ነውና አንዱ መኪና ጆን ዎልፍ ለተባለ እንግሊዛዊ በግሉ ለሚወዳደር ሰው ተሸጠ። ዎልፍ በሰኔ 1969 በለ ማን ውድድር ገና በመጀመሪያው ዙር ተጋጭቶ ሞተ። በዚያን ጊዜ ውድድሩ የሚጀመረው ነጂዎቹ መንገድ ተሻግረው ሮጠው መኪናቸው ውስጥ በመግባት ስለነበር፣ ቀበቶውን ሳያስር እንደተነሣ ይነገራል። በዚያው ዕለት ቤልጂጋዊው ጃኪ ኢክስ የአጀማመሩን ሥርዓት በመቃወም ሳይሮጥ በዝግታ ተራምዶ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ከሁሉም መጨረሻ ተነሣ። ከ24 ሰዓት በኋላ በፎርድ ጂቲ40 ያሸነፈው እርሱና የነጂ አጋሩ ጃኪ ኦሊቨር ነበሩ፤ ከሁለተኛው ጋር የነበራቸው ልዩነት 120 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሩጫው አጀማመር በቀጣዩ ዓመት ቀረ።

የ917 ችግር የተፈታው ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት መጸው፣ በኦስትሪያ በተደረገ ሙከራ ነው። መሐንዲሶቹ የሞቱ ነፍሳት በመኪናው ፊት ላይ ተለጥፈው፣ ከኋላው ክንፍ ላይ ግን አንድም እንደሌለ አስተዋሉ። ነፍሳቱ የሚደርሱት ነፋሱ የሚደርስበት ቦታ ነውና፣ ነፋሱ የኋላውን ክፍል ሳይነካ እያለፈ ነበር ማለት ነው። ጅራቱን ከፍ አድርገው በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ቢያስተካክሉት መኪናው ጸጥ አለ። በ1970 እና በ1971 ለ ማንን አሸነፈ፤ ዛሬም ድረስ ከታላላቆቹ የውድድር መኪኖች አንዱ ሆኖ ይወደሳል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምጠቁመው የቀኖቹን ቅደም ተከተል ነው። ማረጋገጫው በሚያዝያ ተሰጠ፤ ሰው በሰኔ ሞተ፤ የመኪናው ጠባይ ከዚያ ወዲያ ተስተካከለ። ተቆጣጣሪው 25 ቆጠረ እንጂ ዝግጁ መሆናቸውን አልመረመረም፤ ሥራውም አልነበረም።

በ1990ዎቹ ታሪኩ በሌላ መልክ ተደገመ። ማክላረን ኤፍ1 መጀመሪያ ለመንገድ የታሰበ መኪና ነበር፤ ንድፍ አውጪው ጎርደን መሪ ለውድድር አልሠራውም። ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ወትውተው የውድድር ዓይነቱ እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1995 ለ ማንን በአጠቃላይ ውጤት አሸነፈ። ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ነገሩን ገለበጡት፤ የውድድር መኪናውን አስቀድመው ሠርተው የመንገዱን መኪና እንደ ፈቃድ ወረቀት አስከተሉት። የመርሴዲስ ሲኤልኬ ጂቲአር በ1997 መወዳደር ሲጀምር ለደንበኞች የሚሸጡት 25 ያህል መኪኖች ገና አልተሠሩም ነበር፤ ኋላ የወጡት በዋጋቸው ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር አለፉ። ቶዮታ ደግሞ ጂቲ-ዋን ለተባለው መኪናው ሁለት የመንገድ ቅጂዎች ብቻ ሠራ። ደንቡ የሻንጣ ቦታ ይኑረው ስለሚል፣ ባዶው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሻንጣ ይይዛልና ቦታ አለው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም ተቀባይነት አገኘ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ሊወዱት ይችላሉ። እኔ በበኩሌ የደንቡ መንፈስ የሞተበትን ቀን የማስበው በዚያ ሻንጣ ነው። በ1998 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የጂቲ ሻምፒዮና መርሴዲስ ውድድሮቹን በሙሉ አሸነፈ፤ ተቀናቃኝ ጠፍቶ ምድቡ በቀጣዩ ዓመት ፈረሰ። ገዢዎቹ እጅ የቀረው መኪና የተወለደበት ውድድር ሳይኖር ቀረ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቀላል ስሌት ልስጣችሁ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የተመረጠ እንጂ የማንም ኩባንያ ሒሳብ አይደለም። የንድፉ፣ የሙከራውና የማረጋገጫው ቋሚ ወጪ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። በ25 መኪኖች ሲካፈል እያንዳንዱ መኪና አንዲት ቡሎን ሳይገጠምለት 4 ሚሊዮን ይሸከማል። በ500 ሲካፈል 200 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት በሠራሁ ቁጥር ወጪዬ ይቀንሳል የሚል አምራች አጠቃላይ ወጪንና የአንዱን መኪና ወጪ አምታትቷል። በሌላ በኩል የመኪናው ዋጋ የሚቆመው ጥቂት በመሆኑ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ገዢው የከፈለለት ብርቅነት ይሳሳል። ፎርድ በ2016 ይዞት የመጣው ጂቲ በመሐል መንገድ ፈልጓል፦ መጀመሪያ የታሰበው 500 ያህል ነበር፣ ፈላጊው በዝቶ ወደ 1,350 ከፍ አለ። የውድድሩ መኪና በሰኔ 2016 በምድቡ ሲያሸንፍ ግን የመጀመሪያው ደንበኛ መኪናውን ገና አልተረከበም ነበር። የድሮው ልማድ በልዩ ፈቃድ ስም ቀጥሏል ማለት ነው።

«ውድድር ለተራው መኪና ዕውቀት ያስተላልፋል» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነትነት አለው። ጃጓር በ1953 ለ ማንን ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ሲሆን፣ ያ ፍሬን ዛሬ በየታክሲው አለ። ነገር ግን ዕውቀቱ እንዲተላለፍ ሱፐርካር በመሐል መቆም አላስፈለገውም። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ኦዲ ነው፤ ከ2000 እስከ 2014 ባለው ጊዜ 13 ጊዜ ሲያሸንፍ የተወዳደረው ለውድድር ብቻ በተሠሩ መኪኖች ነበር። በ2006 በናፍጣ ሞተር አሸንፎ የሸጠው ተራ የናፍጣ ሴዳኖችን ነው፤ ድሉ ያደመቀው ሰፊውን ገበያ ነበር። (ያ ገበያ በ2015 በእናት ኩባንያው የናፍጣ ጭስ ማጭበርበር ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ፤ ኦዲም በ2016 መጨረሻ ከውድድሩ ወጣ።)

ዛሬስ? ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የሃይፐርካር ምድብ ሲታሰብ አምራቹ ሁለት መንገድ ተሰጥቶት ነበር፦ ቢያንስ 20 የመንገድ መኪኖች የሚሠሩለት ሃይፐርካር ወይም ምንም የመንገድ ወንድም የሌለው ፕሮቶታይፕ። በዚህ ላይ ሻሲውን ከአራት የተፈቀደላቸው ሠሪዎች ከአንዱ ገዝቶ፣ የተዳቀለውን የኤሌክትሪክ ክፍል በወል ተጠቅሞ በአነስተኛ ወጪ የሚገባበት ሦስተኛ መንገድ ተጨመረ። ግዴታው ቀርቷል፤ ሱፐርካር መሥራት በፈቃደኝነት የሚወሰን ሆኗል።

የአስተን ማርቲን ቫልኪሪ ጉዳይ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በ2019 እወዳደራለሁ አለ፤ ሦስተኛው መንገድ ይፋ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ፣ በየካቲት 2020፣ ዕቅዱን አቋረጠ፤ በ2023 እንደገና አነቃው፤ መኪናው ውድድር የገባው በ2025 ነው። በለ ማን ሁለቱም መኪኖቹ እስከ መጨረሻ ነዱ። የመንገዱ ቫልኪሪ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 6.5 ሊትር ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተደምሮ ከ1,100 ፈረስ ጉልበት በላይ አለው። ደንቡ ግን ለሁሉም ተወዳዳሪ የሚፈቅደው 500 ኪሎዋት፣ ማለትም 670 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። የውድድሩ መኪና የኤሌክትሪኩን ክፍል ጭራሽ ትቶታል። የአቅም ማመጣጠኛ ሥርዓቱ ደግሞ በየጊዜው ክብደትና ጉልበት እያስተካከለ መኪኖቹን ያቀራርባል። እንግዲህ በብዙ ሚሊዮን የተገዛው የበላይነት ለውድድር ሲቀርብ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ጉልበት ይሮጣል። ገዢው በደጁ ያቆመው መኪና ከሚሮጠው ይበረታል።

ፌራሪ መንገዱን ገልብጦታል። 499ፒ የተባለው መኪናው የመንገድ ወንድም የለውም፤ ኩባንያው ከ50 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ምድብ ተመልሶ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 አሸንፏል። የመንገዱ ኤፍ80 በ799 ቁጥር ተወስኖ የመጣው ኋላ ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሩ ከተወዳዳሪው ጋር ይዛመዳል። አሸንፎ መሸጥ ለመወዳደር ሲባል ከመሸጥ ይሻላል። ደግሞም ውድድሩ ቢከሽፍ ገና ያልተሸጠ መኪና የለም።

ወደ ፍርዴ ልምጣ። መኪና ከሐሳብ እስከ ደንበኛ ደጅ አራትና አምስት ዓመት ይፈጅበታል፤ የውድድር ደንብ ግን በአንድ የኮሚቴ ስብሰባ ይለወጣል። ስለዚህ አምራቹ ውድድሩ ነገ ቢሰረዝ እንኳ ሊሸጠው የሚችል መኪና ከሌለው አይሥራ፤ ማክላረን ኤፍ1 ያለ ለ ማንም ማክላረን ኤፍ1 ነበር። ውድድሩን ብቻ የሚፈልግ ኩባንያ ሻሲውን ይግዛ። ዓላማው ቴክኖሎጂ ከሆነም በኦዲ መንገድ ይሂድ። እነዚህ በወጪ ሊመዘኑ የሚችሉ ናቸው። በሁለተኛው ነገር ላይ ግን ለድርድር ቦታ የለኝም፦ የፋብሪካው ነጂ የሚፈራውን መኪና ለደንበኛ መሸጥ፣ ደንቡ ሽያጭ ቢያስገድድም፣ የንግድ ውሳኔ አይደለም። የማረጋገጫ ፊርማ የሚፈርመው መሐንዲስ ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በሚያዝያና በመጸው መካከል ያለውን ጊዜ የሚያየው እርሱ ብቻ ነው።

በኤሌክትሪክ ብቻ የሚነዳ መኪና ለ24 ሰዓት ውድድር ይበቃ እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ የጠየቃችሁ አላችሁ፤ የባትሪ ክብደትንና የመሙያ ጊዜን በሰሌዳው ላይ እያሰላን እንድናየው ለውይይቱ ሰዓት አቆይቼዋለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።