ስለ አውቶሞቢል የነዳጅ ቱቦና ስለ አጠባበቁ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ በሁምቦ በኩል አልፎ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ይወርዳል። ሶዶ በዳሞት ተራራ ግርጌ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአባያ ሐይቅ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከቆላው ዕቃና ሰው ጭኖ ወደ ሶዶ የሚመለስ አውቶሞቢል ብዙ ዳገት መውጣት አለበት። ፀሓይ በበረታች ቀን አሮጌ አውቶሞቢል በዚህ ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ቆይቶ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ነጂው ወርዶ ቢመለከት ነዳጁ አላለቀም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአንዲት ጣት በማትወፍር ቱቦ ውስጥ ይገኛል።

ነዳጅ ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው በሻንሲው ሥር በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቧንቧ ነው። ዳሩ ግን ሞተር ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ፤ ብረቱ እንዳይሰበር በጫፉ የጎማ ቱቦ ይቀጠልበታል። በባጃጅም እንዲሁ ነው፤ ቱቦው አጭር ቢሆንም ከሞተሩ አይርቅም። ቶሎ የሚያረጀውም ይኸው ጎማ ነው።

ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በሶዶ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚን ከብዙ ዓይነት ፈሳሾች የተቀላቀለ ስለ ሆነ፤ ከውስጡ ቀላል የሆኑት ገና በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ። እንግዲህ ቱቦው የሞተሩን ጢስ ከሚያወጣው ትኩስ ቧንቧ አጠገብ ያለፈ እንደ ሆነ፤ ቤንዚኑ በውስጡ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑም ፈሳሽ እንዲገፋ የተሠራ ስለ ሆነ እንፋሎቱን መግፋት ይሳነዋል፤ ሞተሩም እስኪበርድ ድረስ አይነሣም። ይህ የሚበዛው ካርቡራተር ባላቸው አሮጌዎች ላይ ነው። በአዲሶቹ ፓምፑ በታንኩ ውስጥ ተቀምጦ በብርቱ ግፊት ስለሚልከው እምብዛም አይደርስም። የሆነ ሆኖ የአዲሱ ቱቦ የተቀደደ እንደ ሆነ ቤንዚኑ በመንጠብጠብ ፈንታ ይረጫል፤ በትኩስ ብረት ላይ ሲረጭም እሳት ይነሣል። ይህም መንገድ ላይ ከመቆም እጅግ የባሰ ነው።

ሁለተኛው ጠላት መፋተግ ነው። የከብት ማሰሪያ ገመድ የሚበጠሰው ችካሉን በሚፈትግበት በኩል እንደ ሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የነዳጅ ቱቦም የብረት ጠርዝ በሚነካበት በአንዲት ስፍራ ብቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ የቀረው ደኅና ስለሚመስል ነጂው ይታለላል። በወላይታ ደግሞ ቀዩ አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ በቱቦው ላይ ይለጠፋል። ሲደርቅ እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ የሳሳውንም ስፍራ ይሸፍናል። ስለዚህ ጭቃውን ሳይጠርጉ ቱቦውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

ቱቦውን ከትኩስ ብረት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ማራቅ ይገባል። ስፍራው ጠባብ ከሆነ፤ ሁለቱንም ሳይነካ በመካከላቸው የሚቆም ላሜራ ይደረጋል፤ በግራና በቀኙ የሚያልፈው አየር ሙቀቱን ይወስደዋል። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል ግን ስሕተት ነው፤ ጨርቁ የፈሰሰውን ነዳጅ ጠጥቶ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናልና። በብረት ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍበት በኩል የጎማ ቀለበት ይግባለት። መጋጠሚያውም በፋሼታ እንጂ በሽቦ አይታሰር፤ ሽቦ ጎማውን ነክሶ ይቆርጠዋል። በተበላሸው ፈንታ የውሃ ጎማ የሚያስገቡ አሉ። ይህ ጎማ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላላል፤ ስለዚህ ለነዳጅ የተሠራውን መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው ቢበልጥም።

ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው። ቱቦውን በእጅ ጎንበስ ሲያደርጉት መሰንጠቅ ከታየበት፤ ወይም እንደ እንጨት ከደረቀ፤ ወይም እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ይለወጣል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ይህ ቱቦ የላቸውም። ቀድሞ የገቡት ግን በየመንደሩ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፤ ጎማቸውም የብረታቸውን ያህል ዕድሜ የለውም።

በጉዞ ላይ የቤንዚን ሽታ የሸተተ እንደ ሆነ፤ ነጂው ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ፤ ተሳፋሪዎችም ወርደው ይራቁ፤ ክብሪት የሚጭር አይኑር። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ በመንገዱ ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ ሕፃናት ወደ ቦዩ ወርደው እንዳይቀመጡ ማድረግ ያሻል። እሳት ከተነሣም ውሃ አይደፋበትም፤ ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋልና። ማጥፊያ ዕቃ ከሌለ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይበተንበታል።