እናትን ማሳረፍ ማስቀመጥ አይደለም



በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ሽመና በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው። ጥጥ የሚፈትሉት፣ እንሰት የሚፍቁት፣ ውሃና እንጨት የሚሸከሙት ግን ሴቶች ናቸው። እናት ሲያረጁ ልጆች «በቃሽ እማዬ፣ ተቀመጪ» ይላሉ።

ከባድ ሸክም ማስቀረት ተገቢ ነው። ጨርሶ ማስቀመጥ ግን ይጎዳል። ጥጥ መፍተል እጅን እንጂ እግርን አያሠራም። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይመነምናል፤ ሥራ ከፈታ ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ገበያ መውጣት ያቃታቸው እናት ነገ ከመደብ መነሣት ያቅታቸዋል። ከዚያም ሽንት ቤት እንኳ የሚያደርሳቸው ሰው ይሻሉ። ከወደቁም አጥንት ሊሰበር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ይህም በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እንስራውን እናንተ ተሸከሙ። እናታችሁ ግን ጎረቤት ይጠይቁ፤ ጓሮ ይኮትኩቱ፤ ገበያ ደርሰው ይምጡ። ከበርጩማ ደጋግመው ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ አጠገባቸው ሰው ይቁም። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው ይረፉ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ሥራ የፈታ ማረሻ ይዝጋል። እግርም እንዲሁ ነው።